ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ

የካቲት 9
ማሽላ ስለቅም ዋልኩ። ልጄ ሕብረት ከአሶሳ ደወለች። የኋላው ግድግዳ አሳስቧታል። "እማ፣ ክረምት ሳይገባ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ።" አባቷ በእጁ የሠራውን... ከሞተ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ግንበኛ ይየው፣ እሱ ያለው ይሁን አልኳት። ግን ሐረጉ ሁሉን ሸፍኖታል፣ ግንበኛው ምኑን ያያል? ይነሳ እንግዲህ። ጡቡ ሳይነካ።

የካቲት 11
አላስችል ብሎኝ አንዱን ጫፍ ሳብኩት። የጡቡን ፊት ገንጥሎ መጣ። ደነገጥኩ። ጎረቤቴ ማስረሻ በአጥር አይቶኝ ኖሯል። ዕድሜውን በአትክልተኝነት የጨረሰ ሰው ነው።
"የዝና፣ ከግድግዳው ጋር ተጣልተሻል? እርጥቡ አይሳብም። ሥሩን ከታች ቁረጪና ተዪው። ሲደርቅ ራሱ ይለቅልሻል።"
"በስንት ቀን?"
"እስኪለቅ ነዋ።"

የካቲት 12
ቆረጥኩት። ክንዴን ያህል ወፍሯል። ይቅርታ ያልኩት መሰለኝ።

የካቲት 26
ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። መሞቱን አልሰማም።
የፓዌ ሙቀት ከሰዓት ቤት አያስቀምጥም። ግድግዳው ጥግ ሰሌን አንጥፌ ተጋደምኩ። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እንጃ... ቅጠሉ ሲወዛወዝ ያ ጊዜ መጣብኝ። ባሌ ደምመላሽ በወባ ተኝቷል፣ ሁለት ሳምንት። ግድግዳው ከግማሽ ቀርቷል፣ ዝናቡ ደርሷል። ሕብረት ሆዴ ውስጥ ናት። እኔው ጭቃ አቡክቼ ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ ጡቡን ደረደርኩ። ሲሻለው ወጥቶ አየው። "ካንተ እጅ ይለያል?" አልኩት። ሳቀ። በወሩ ሐረጉን እዚያው ጋ ተከለ። "ያንቺ በኩል እንዲያምር ነው" አለኝ።
ሠላሳ ዓመት፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንን ሳወራ ኖሬያለሁ።

መጋቢት 14
ረገፈ። ግቢው በእርምጃዬ ሁሉ ኮሽ ኮሽ ይላል። አልጠርገውም፣ ደስ ይላል። መኝታ ቤቴ ውስጥ ጥላው የነበረበት ቦታ ፀሐይ ገባ። እንግዳ ቤት ያደርኩ መሰለኝ።

መጋቢት 25
ዛሬ መልቀቅ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች፣ በቀስታ። እምቢ ያለኝን እተወዋለሁ። ትንንሽ እግሮቹ ጡቡ ላይ ቀርተዋል፣ እነሱን በውኃና በልብስ ቡሩሽ። ሽቦ እንዳታስነኪው ብሎኛል ማስረሻ።
አንድም ጡብ አልተሰበረም። የደምመላሽ በኩል ቀጥ ብሎ ወጣ። ነገ የኔው።

መጋቢት 26
የኔው በኩል ሆዱን አውጥቷል። ረድፉ ወደ ማዕዘኑ ሲሄድ እየወረደ ይሄዳል። ሐረጉ ነው ያጣመመው አልኩ... ግን ጭቃው ያኔ እንደመረግኩት ነው፣ አልተሰነጠቀም። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር።
ሐረጉን ሲተክል ያውቅ ነበር።

መጋቢት 29
ግንበኛው ቸሩ መጣ። ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ሊለካ ቱንቢውን ጣለ፣ ክሩ ሲረጋ ጠበቀ።
"ይቺን ማን ነው የሠራት?"
"እኔ።"
ጉሮሮውን ጠረገ። "የጋሽ ደምመላሽ ገና ብዙ ይቆማል። ይቺ ግን ትፍረስ፣ እትዬ።"
ተናደድኩ። በቸሩ አይደለም፣ በሟቹ። እንግዳ ፊት ስፎክር አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ... እንዴት ሰው ሠላሳ ዓመት ዝም ይላል? አፈርኩ። ከዚያ ናፈቀኝ፣ በጣም ናፈቀኝ፣ አለቀስኩ።
ለሕብረት ደወልኩ። ብሎኬት የለም፣ የኔን በኩል ብቻ አፍርሼ ራሴ እሠራዋለሁ አልኳት።
"እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ?"
"ያኔ አንቺን ተሸክሜ ነበር። አሁን ቀሎኛል።"

ሚያዝያ 8
ጡቡ ያው የድሮው ነው፣ አጥቤዋለሁ። ቸሩ ሲባጎ ወጠረልኝ። አራተኛው ረድፍ ላይ ቆም ብሎ አየኝ።
"ጠመመ፣ እትዬ።"
ጠመመ? ጎንበስ ብዬ በሲባጎው አየሁት። እውነቱን ነው። አነሳሁት፣ ጭቃውን ጠርጌ መልሼ አስቀመጥኩት። ደምመላሽ ቢሆን አይነግረኝም ነበር። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቢነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ እማር ነበር።
ማዕዘኑ ጋ ስደርስ መሽቷል። ቸሩ ምንም አላለም። ዝምታውን አላመንኩትም። ቱንቢውን ከእጁ ተቀብዬ ራሴ ጣልኩት።