የሻይ መልክ ያለው ወረቀት

ዓርብ፣ ሐምሌ 28

አላወርድም አልኳቸው። አፌ አምልጦኝ አይደለም፤ ዐውቄ ነው።

ሐጂ ጉዮ የዚህ ሆቴል ቤት ባለቤት ናቸው፤ እኔ ድንበር ተሻግሬ የመጣሁ ተከራይ ነኝ። ጠዋት መጥተው ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ በከዘራቸው የታላሶን ፎቶ ጠቆሙና «ማማ ሰላም፣ ያቺን ከግድግዳዬ ላይ አውርጃት» አሉኝ። ታላሶ ነርስ ናት፤ ለካውንቲው ምክር ቤት ሰፈራችንን ወክላ ትወዳደራለች። ወንበሩን አሁንም በድሮ ስሙ ዲዋኒ ነው የምንለው። የሐጂ ጎሳ ሽማግሌዎች ደግሞ ግራር ሥር ተቀምጠው አንድ ሰው መርጠዋል፣ መርቀውም ጨርሰዋል። ሽማግሌ ከመረቀ ወዲያ የሌላ ሰው ፎቶ መለጠፍ ንቀት ነው ይባላል። ሴት ግን አልጠየቁም። ታላሶ የነሱው ልጅ ናት፤ እሷንም አልጠየቋት።

«ግድግዳውስ የርስዎ ነው» አልኩና ፎቶውን ላጥኩት። ደስ አላቸው። ወስጄ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ፍሪጁ የኔ ነዋ! ሻይ የሚጠጡት ሹፌሮች ሳቁ፤ ባይስቁ ይሻል ነበር። ሐጂ ተነሡ። «እንግዲያው ምርጫው ሲያልፍ ከነፍሪጅሽ ትወጫለሽ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ልጄ ሰላም ጡት ሳትጥል የገባሁበት ቤት ነው። ግን አላወርድም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 29

ቅስቀሳው ዛሬ ያበቃል። ታላሶ መኪናም ድምፅ ማጉያም የላትም፣ በእግሯ ስትዞር ከርማ ድምጿ ተዘግቷል። ሰላምን በፋኖስ ያዋለደችኝ እሷ ናት። የምትለው ሌላ አይደለም፦ ሄሉ መንደር ማዋለጃ ክፍል ይሠራ፤ ሴት በስብሰባ ላይ ከኋላ ቆማ ከምትሰማ ተቀምጣ ትናገር። ለዚህ ነው ሰው የሚቆጣው?

ከሰዓት ግን ጉድ ሰማሁ። ወተት የምታመጣልኝ አሮጊት አኮ ዳርሚ ናት። (አኮ አያቴ ማለት ነው፤ አንቱ ስላት «ብዙ ሰው መሰልኩሽ?» ብላ ከልክላኛለች።) «እኔ ለሴት ነው የምሰጥ፣ ሐምራዊው ወረቀት ላይ» አለችኝ።

«ታላሶ እኮ ሐምራዊው ላይ የለችም!»

«የሴት ወረቀት እሱ ነው። ሌላው የወንድ ነው ብለውናል።»

ለስድስት ወንበር ስድስት ወረቀት ነው ባንዴ የሚሰጠን፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ሐምራዊው ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት የሴቶች ተወካይ መምረጫ ነው። ለካ የሽማግሌዎቹ ሰዎች እየዞሩ «የእናንተ ወረቀት ያ ነው፣ የቀረውን ባሎቻችሁ እንዳሏችሁ አድርጉ» ሲሉ ከርመዋል። ወተት ሻጮቹን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም እንደዚያው ነው ያመኑት!

የዲዋኒው ወረቀት መልኩ ምን ይባላል? ነጭ አይደል፣ ቡኒ አይደል። ሻይ በወተት በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ብርሃን አነሣሁት። «ይሄ መልክ! ታላሶ እዚህ ላይ ናት። እዚህ ላይ ወንድም ሴትም እኩል ይወዳደራል።»

አኮ ዳርሚ ብርጭቆውን ተቀብላ ጠጣችው። «ስኳር አንሶታል» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ «ሻዩን ያዙ» የሚለው ነገር ገበያውን ሲዞር ዋለ።

እሑድ፣ ሐምሌ 30

ሆቴሉ ባዶ። የሐጂ ዘመዶች እኔ ጋ እንዳይበሉ ተነግሯቸዋል። ነገ ጾም ይገባል፣ ሥጋው ተርፎ ቀረ፤ ለጎረቤት አደልኩት።

አንድ ጎረምሳ ደጃፌ ላይ ቆሞ «አንቺ ሀበሻ፣ የኛ ምርጫ ምን አገባሽ?» አለኝ።

«መታወቂያዬን፣ ኪታምቡሊሾዬን አውጥቼ ላሳይህ? የዋልዳን የስደተኛ ካምፕ አቧራ ስበላ አንተ አልተወለድክም። ባሌን እዚሁ ቀብሬያለሁ። ይሄ ካላገባኝ ምን ያገባኛል?»

ሄደልኝ። ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ። ሽንኩርት ጥሩ ነው፣ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ጭንቀቶቼ፦

ሻዩ ላይ ከታላሶ ጋር ብዙ ወንድ እንዳለ በደንብ አልነገርኳቸውም። ወረቀቱ ላይ ካሉት ፎቶዎች ፊቷን ይለዩት ይሆን?

ማንበብ የማይችል ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱ የሽማግሌዎቹ ሰው ቢሆንስ? ማን ደፍራ «ታላሶ» ትለዋለች?

ዕቃዬን የት ላድርገው?

ታላሶ መጥታ «ማማ ሰላም፣ በኔ የተነሣ ቤትሽን አትጪ። ፎቶውን አውርጂው» አለችኝ። ተቆጣኋት። «አንቺ ዝም በይ! ይሄ የኔና የሐጂ ነው።» ሳቀች፤ ዐይኗ ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 2

ሳይነጋ ተሰለፍን። የፈራሁት አልቀረም፤ ከሽማግሌዎቹ ሰዎች አንዱ የአኮ ዳርሚን ክንድ ይዞ «አኮ፣ ዐይንሽ ደክሟል፣ ገብቼ ልርዳሽ» አላት።

«ዐይኔ ፍየሌን በጨለማ ይለያል። ያንተን ፊት ደግሞ አይቶ ጠግቧል» አለችው። ለብቻዋ ገባች።

ቆየች። በጣም ቆየች። የነጠላዬን ጫፍ ሳኝክ ነበር። ስትወጣ ቀለም የነካ ጣቷን ወደ ላይ አንሥታ «ዛሬስ ስኳሩ ልክ ነው!» ብላ ጮኸች። የምርጫው ሰውዬ ምንም አልገባውም። የሴቶቹ ሰልፍ ግን ተንቀጠቀጠ በሳቅ።

እኔም ሰጠሁ። ስወጣ ከሐጂ ጋር ዐይን ለዐይን ተያየን። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ መለሱልኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 3

ወሬ ብቻ። አሸንፋለች፣ ተሸንፋለች፣ ደግሞ ይቆጠራል። ሽሮ አሳረርኩ። ማንንም አላናግርም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 4

አለፈች! በጥቂት ድምፅ ነው፣ ግን አለፈች! እልልታው ከሄሉ ተነሥቶ እኛ ጋ ደረሰ። ድስት ይዤ ወጥቼ በማማሰያ ደበደብኩት። ጎድጉዷል፤ ይጎድጉድ።

እልልታው ሳይበርድ ሐጂ መጡ። አልተቀመጡም። «ምርጫው አለፈ። አሁን ሥዕሏን አውርጂና ኑሪበት። ሰው ‹ሐጂ ተናግሮ ተሰማ› ይበል፣ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ወረቀት መላጥ ምን አለበት? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር እሺ ማለቱ። ግን ወተት ሻጮቹ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ሐጂ፣ ዛሬ ካወረድኳት ያሸነፈችው ለምኑ ነው?»

«ቃሌን ሰው ሰምቷል።»

«የኔንም ሰምቷል።»

ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። ከዚያ ተቀበሉኝ።

አኮ ዳርሚ ሄሉ ካለው ግቢዋ የፍየል በረቷን ለቀቀችልኝ። «ፍየሎቹስ?» ብላት «ከኔ ጋር ያድራሉ። እነሱ ካንቺ ያነሰ ነው የሚያወሩት» አለች። ሴቶቹ ጠርገው ውሃ ረጩበት፤ ሽታው ግን አልወጣም። መብራት የለውም። ከዋናው መንገድም ራቅ ይላል፣ ሹፌሮቹ ፈልገው ያገኙኝ አያገኙኝ እንጃ።

ሦስት ድንጋይ ጎልቻለሁ። ሽሮው ተጥዷል።