ከፊልም ጋር እንድታረቅ ሽማግሌ ለላኩልኝ ሰብሳቢ

ሰኔ 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረአማኑኤል
የፊልም ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢና የፊልም ሂስ ጽሑፍ ውድድር ዋና ዳኛ
አምቦ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎና ለተከበሩት ዳኞችዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይ ዐይንዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ ሳያነቡ ለመዳኘት ዐይን ባያስፈልግም ለሌላ ጉዳይ ይጠቅምዎታልና።

እኔ በጊንጪ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ማኅበርዎ በአዳራሹ ስላሳየው «የደንዲ ሙሽራ» ስለተባለው ፊልም ረጅም ሂስ ጽፌ ለውድድሩ አስገብቻለሁ። ፊልሙን ያላዩ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጎረምሳ አንዲት ተማሪ ይጠልፋል፤ ልጅቷ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ቤተሰብ ያስታርቃሉ፤ ከዚያም በደንዲ ሐይቅ ዳር ሠርግ ይደገስና ሙሽራዋ እየሳቀች ስትጨፍር ፊልሙ ያልቃል። እኔ ይህ መጨረሻ ውሸት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከየት አወቅሽ ለሚለኝም፣ ታላቅ እህቴ ሃዋኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ እንደነበረና በሠርጓ ቀን እንዳልሳቀች የሚናገር አንድ ገጽ በራሷ ፈቃድ ጨመርኩበት።

ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማስታወቂያዎ «ደፋር ሂስ» ስለጠየቀ እጅግ አመሰግናለሁ። ድፍረቱ የፊልሙን አዘጋጅ የአቶ ታምራትን ስሜት መንካት እንደሌለበት፣ ይህም ደንብ ጽሑፉ ከገባ በኋላ በስልክ ብቻ እንደሚነገር፣ አቶ ታምራትም የእርስዎ አማች መሆናቸውን ቀድሜ ባለማወቄ ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከማስታወቂያ ላይ መፈለጌ የዋህነት ነበር።

2ኛ. ያቺን የእህቴን ገጽ ካወጣኋት አንደኛ እንደምወጣና ጽሑፌም በመዝጊያው ዕለት በአዳራሹ እንደሚነበብ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ገጿ «የግል ጉዳይ» ናት ብለውኛል። አንዲት ልጅ ስትጠለፍ አዳራሽ ሙሉ ሰው ትኬት ቆርጦ ሲያይ ጥበብ የሆነው ነገር፣ የተጠለፈችው ራሷ አፍ አውጥታ ስትናገር የግል ጉዳይ የሚሆንበትን ምክንያት ግን አላስረዱኝም። ብዙ ሥራ እንዳለብዎ ይገባኛል።

3ኛ. ከሁሉም በላይ ስለላኩልኝ ሽማግሌዎች አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ፣ እኔ የሰው አጥር አላፈረስኩም፣ ከብቴም የማንንም ማሳ አልበላም፤ ፊልም አይቼ ያየሁትን ጻፍኩ። እርስዎ ግን ሂስ ጠብ ነው ብለው፣ ከአቶ ታምራት ጋር እንድታረቅ ሦስት አዛውንቶችን ከጎጆ ከተማ ገበያ ከተገዛ በግ ጋር በዚያ ጭቃ ጊንጪ ድረስ ሰደዱ። የፊልምዎ ልጅ የታረቀችው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ለእኔም ይበቃል ብለው ይሆናል። ሽማግሌዎቹ በወግ መርቀው ተቀመጡና፣ ታላቃቸው ኦቦ አያና ጠባችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከእርስዎ በኩል ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ስለነበሩ ጽሑፌን አውጥቼ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የእህቴ ገጽ ላይ ስደርስ ኦቦ አያና አንገታቸውን ደፉ፤ በሃዋኒ ጊዜ አባቴን ሊያስታርቁ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩና። አንብቤ ስጨርስ፣ ያኔ አባቴን ለምነው እንደነበር፣ ሃዋኒን ግን አንድም ሰው እንዳልጠየቃት ተናገሩ። ከዚያም ይቺ ልጅ የምትታረቅበት ነገር የለም ብለው፣ ጓደኞቻቸውን አስነሥተው፣ በጉን ትተው ሄዱ። ከዳኞችዎ መካከል እንደ እርሳቸው ጽሑፌን እስከ መጨረሻው የሰማ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

4ኛ. ገጿ አትወጣም። እህቴ ስንት ዓመት ዝም ብላ የኖረችውን ነገር እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ሰው እንዲሰማው ነው፤ እርስዎ አንደኛ እንዲያወጡኝ አይደለም። ሙሉውን በአዳራሹ ያስነብቡ፤ አለዚያ ጽሑፌን ይመልሱልኝ፤ እኔው በገበያ ቀን ቆሜ አነበዋለሁ። ይህን ስል እየተቆጣሁ ነው፤ በትሕትና የተጻፈ መስሎ ከታየዎት የአጻጻፍ ደንቡ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የሂስ ውድድሩን ትተው የሙገሳ ውድድር እንዲያዘጋጁ፣ ዳኞችዎም ከዚህ የንባብ ድካም እንዲያርፉ እየተመኘሁ፣ ለሽልማትዎ ሳልጓጓ፣ እርቅዎን ሳልቀበል፣ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት የማልነፍግዎ፣

ጂቱ ለሜሳ
ጊንጪ

ግልባጭ፦
ለአቶ ታምራት፣ እንዲያውቁት
ለኦቦ አያና፣ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጉን መልሼ ልኬ በማኅበርዎ ቢሮ በር ላይ እንዲታሰር አድርጌያለሁ፤ መንገድ ስለደከመው እባክዎ ውሃ ያጠጡት። በሃዋኒ ጊዜ የመጣችው ጊደር ነበረች፤ አባቴ ተቀበላት። አድጋ ወለደች፤ ወተቷም መልካም ነው። እህቴ ለጥየቃ በመጣች ቁጥር እናቴ ከዚያ ወተት ትቀዳላታለች፤ እርሷም ተቀብላ ታስቀምጠዋለች፤ እስክትሄድ ድረስ አትቀምሰውም።