አባባ ከቤት የዋሉበት እሁድ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሂልበርት፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ማሪየስ እንዴት ናት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ላሞችህስ ክረምቱን እንዴት ተቀበሉት? እዚያ አልበርታ ውሃው በባልዲ ውስጥ መርጋት ጀመረ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እማማ ለልጆችህ የሱፍ ካልሲ መሥራት ይዛለች፤ የእግራቸውን ልክ ስለማታውቅ በግምት ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ደህና ነን» የምልህ ግን ዘንድሮ እንደ ወትሮው በአፍ ልማድ አይደለም፤ ተመርምሮ ነው።

ለገና ከነቤተሰብህ እንደምትመጣ የጻፍከውን ሳነብላት እማማ ምድጃው ላይ ድንች ጥዳ ነበር፤ ድንቹ አረረ፣ እሷም ግድ አልሰጣትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየችህም፤ የልጅ ልጆቿንማ ከፎቶግራፍ በቀር አታውቃቸውም። ለእኔ ለብቻዬ በላክልኝ ወረቀት ላይ ግን «ሐኪሙ ልጆቹን ሳታስከትብ እንዳትሄድ አለኝ፤ አስከትቤስ፣ ክትባት በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው በሚሉት በአባባ ፊት እንዴት እቆማለሁ?» ብለሃል። ነገር ማድበስበስ እንደማልወድ ታውቃለህ። ሳታስከትብ እንዳትመጣ። ቀሪው ደብዳቤ ምክንያቱ ነው።

ኤፈርትን መቼም አትረሳውም፤ ቦዩ በረዶ ሲሆን እየተሽቀዳደማችሁ ስትንሸራተቱ ትውሉ ነበር። በመስከረም ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነው ብሎ ላሞቹን ሲያልብ ሰነበተ፤ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልውረድ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ፖሊዮ ነው። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። «ያ ወንድምሽ ዘንድሮ ይምጣ፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሊያሸንፈኝ የሚችለው አሁን ነው» ብሎ አሳቀኝ። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ እንባዬ ቀደመኝ።

እኛ ላቦራቶሪ የምንሠራው ሥራ ቫይረሱ ማን ዘንድ እንዳለ መፈለግ ነው። ለዚህ ደግሞ የሰው ሰገራ ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ የሚቀመጠውና የሚራባው አንጀት ውስጥ ነውና። ከከተማ የመጡት ባልደረቦቼ በየቤቱ ቢያንኳኩ የሚከፍትላቸው አጡ። የመንደራችን የሊንደርቬን ሰው ክትባት ሊወጉት የመጡ መስሎታል። አለቃዬ «አንቺ የእነሱው ልጅ ነሽ፤ ሂጂ» ብሎ ላከኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ተሰበሰበ። «ክትባት ውሰዱ አላልኳችሁም፤ እምነታችሁንም አልነካም። የምለምናችሁ የምትጥሉትን ነገር ብቻ ነው» አልኳቸው። ከኋላ አሮጊቷ ሂልችየ ተነሥታ «እኔ የምለው ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» አለች። ሰባኪው እንኳ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ያኔ አባባ ተነሡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሲናገሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሚወፍር ታውቃለህ። «መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ይህን የሚከለክል ቃል አላገኘሁበትም» ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ናሙናቸውን በባዶ የፕሪም ማርማላታ ብልቃጥ አድርገው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የእማማ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም ነበር። ከዚያ በኋላ ብልቃጡ በብልቃጥ ላይ ሆነ።

የአንጀት ቫይረሶች ዘመዳቸው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ትኩሳት ወይም ሽፍታ አስይዘው ይሄዳሉ፤ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት በመጣ ቁጥር በልጆች ላይ የምናገኘው እነሱን ነው። ሕያው ሕዋሶች በጠርሙስ እናሳድግና ከናሙናው ጠብ እናደርግበታለን፤ ቫይረስ ካለ ሕዋሶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ቀጥሎ የትኛው ዘመድ እንደሆነ እንለያለን። ከሊንደርቬን ከመጡት የሚበዙት ንጹሕ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ላይ ያ ሽፍታ የሚያስይዘው ተገኘ። ምንም ያላመማቸው፣ ሲሯሯጡ የሚውሉ ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ፖሊዮው ራሱ ተገኘ። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ አንዱን እግር ሲነሣው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁት ይዘውት ይዞራሉ።

ከእነዚህ አንዱ አባባ ናቸው።

ውጤቱን ልነግራቸው ስገባ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ምእመናንን በየቤታቸው ሊጠይቁ እየተነሡ ነበር። ነገርኳቸው። እሳቸው ይታመማሉ ብዬ እንደማልሰጋ፣ ምናልባት በልጅነታቸው ይዟቸው ሰውነታቸው እንደተማረ አስረዳሁ። የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ለየቤቱ ልጆች የሚያድሉትን የሚንት ከረሜላ አወጡና ያዩት ጀመር። «በእጄ ነበር የምሰጣቸው» አሉ። ከዚያም «ኤፈርት ቤትም ገብቻለሁ» አሉ። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ሊታወቅ እንደማይችል፣ ምናልባትም ከኤፈርት ቤት እሳቸው ይዘውት መጥተው ሊሆን እንደሚችል በእውነት ነገርኳቸው። «አይታወቅም ማለት እኔ አይደለሁም ማለት አይደለም» አሉኝና ካፖርቱን አውልቀው ሰቀሉት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ሂልበርት፣ አባባ! ልብ አድርግ፣ እግራቸው ተሰብሮ እንኳ በምርኩዝ የሄዱ ሰው ናቸው። አልጋ ለያዙ አረጋውያን ስብከቱን በስልክ መስመር የሚያሰማው ሣጥን ተበድረው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ባልደረቦቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች፣ ምን ነካህ ብለው መጡ። አላስገቧቸውም፤ በመስኮት ነው ያነጋገሯቸው። «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ስንል ኖርን። ጤነኛ መሆኔን ግን ማን ነገረኝ?» አሏቸው።

ተለውጠዋል ብዬ አልዋሽህም። እኔን አሁንም «መርፌ የሚባል ነገር አይነካኝም፤ አትድከሚ» ይሉኛል። ግን ያንን የጻፍክልኝን ወረቀት አነበብኩላቸው። ብትቆጣም ተቆጣ፤ ያደረግሁት አውቄ ነው። «በእኔ አያሳብብ በይው» አሉ። «የቤቱ ራስ እሱ ነው። ስለ ልጆቹ የሚጠየቀው በፈጣሪ ፊት እንጂ በእኔ ፊት አይደለም። እኔን ፈርቶ የሚያደርገውም የሚተወውም እምነት አይባልም።» እማማ፣ አባባ ከተናገሩ በኋላ ቃል የማትጨምረዋ እማማ፣ ድንች ከምትልጥበት ቀና አለችና «ሳይከተቡ ከሚመጡስ ሳላያቸው ብሞት ይሻለኛል» አለች። ወንድሜ፣ ምን እንደተወችልህ ታውቃለህ? ሌላ የምትጠብቀው ነገር እኮ የላትም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምር። አንድ መርፌ አይበቃም፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ ነው፤ እስከ ገና ይደርሳል። አንተና ማሪየስም ጭምር። እውነቱን ሁሉ ልንገርህ፤ መርፌው ቫይረሱ በደም አልፎ ነርቭ እንዳይደርስ ይከላከላል፣ አንጀትን ግን ጨርሶ አይዘጋውም። ጥናታችንም በዚሁ ላይ ነው። የተከተበ ሰውም ጥቂት ጊዜ ሊይዘውና ለጎረቤት ሊያደርሰው ይችላል። እኔ ራሴ ተከትቤ እያለሁ የእማማ ማዕድ ላይ ከመቅረቤ በፊት የራሴን ብልቃጥ አስመረምራለሁ፤ ባልደረቦቼም ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እናንተም ስትመለሱ በአካባቢያችሁ ያልተከተበ ሰው ስላለ እጃችሁን መታጠብ አትርሱ። የልጆቹ እግር ግን አይነካም። ይህን ዓይኔን ሳላሽ የምነግርህ ነው።

ለማሪየስ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ጉዞው ከብዷት እንደሆነ እዚህ አንድ ምግብ እንደማታበስል ንገራት። የአባባን ስም ለያዘው ለሩሎፍ፣ ሲወጋ አላለቅስም ብሎ ጥርሱን መንከስ እንደሌለበት፣ የስሙ ባለቤትም የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደሚያለቅሱ ንገረው። ለአልበርቲየ፣ ክንዷ ቢያብጥባት በሌላኛው እንድትተኛ። በቅርቡ መሄድ የጀመረውን ትንሹን ሃርምን ሳሙልኝ። አባባ ምርመራቸው ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ወደ ጣቢያው መጥቼ እቀበላቸዋለሁ ብለዋል፤ ሃርምን ግን በእግሩ ሲሄድ ሳላይ አላቅፈውም አሉ። ከባቡሩ አውርዳችሁ ታቆሙታላችሁ፤ እሳቸው ወዲያ ማዶ ይቆማሉ፤ እሱ በእግሩ ይመጣላቸዋል።

እህትህ ሃርምከ

ሊንደርቬን፣ ሆላንድ
ኖቬምበር 8 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.