ስለ ጩጬ ጨርቆች ያልነገርኩሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጤናሽስ? ሆስፒታል ወንበር ላይ እየተኛሽ ወገብሽ እንዴት ሆነ? እህል ይወርድልሻል? ጩጬ ወንድሜስ? ዓይኑ አሁንም ቢጫ ነው? ሆዱስ ጎደለለት ወይስ እንደተነፋ ነው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ማንም ስላልታመመ ነው እንጂ፣ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አባዬ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል።

እማዬ፣ ትናንት በሆስፒታሉ ጥበቃ ስልክ ለአክስቴ ስትደውዪላት፣ እኔም እዚሁ ቤት በሩ ሥር ሆኜ በድምፅ ማጉያው እሰማ ነበር። ሐኪሙ «ካካው ከነጣ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ እንደጠየቀሽ ስትነግሪያት፣ አክስቴ «ኧረ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው፣ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ» አለችሽ። አንቺም ፋብሪካ ስለምትውዪ አመንሻት። እሷ ግን ያየችው ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው ስላለ ምላሴ ተሳሰረ። ዛሬ ብደውል ብደውል የጥበቃው ስልክ አይነሳም። የአባዬ ጓደኛ ሹፌሩ ከሰዓት ወደ እናንተ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

አንድ ሳምንት አይደለም እማዬ። ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ጩጬ ገና የወሩ ልጅ ሳለ፣ አንቺ ወደ ስፌት ፋብሪካው በተመለስሽበት ሰኞ ነው የጀመረው፤ ያ ውሃ ሦስት ቀን የጠፋ ጊዜ። ከዚያ በፊት እንደ እርድ ቢጫ ነበር፤ ጨርቁን ይዞ አልለቅ ይለኝ ነበር። የዚያን ሰሞን የተጠራቀመውን ሳጥብ ግን እንደ እርጥብ አመድ ሆኖ በአንድ ውሃ ልቅቅ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እጄ መላጡ ቀረልኝ አልኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አይታ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ በረኪና አለው እንዴ!» ስትለኝ ደረቴ ተነፋ። ሽንቱ ግን እንደ ሻይ ጠቁሮ እድፉ አይለቅም ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ለአክስቴ «የጩጬ ካካ ነጭ ሆኗል» አልኳት። ምሳ ላይ ነበርን። «ወይ ጉድ! ስንት ቀን ዝም ብለሽ አፍሽን የከፈትሽው ለዚህ ነው? የዱቄት ወተት የጠጣ ምን ሊወጣው ኖሯል፣ ከሰል?» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። ዓይኑ ቢጫ ሲሆንም «ቀይ ልጅ ነው፣ አባቱን ነው» ተባለ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰው እስኪያልቅ በር ላይ ቆሜ ለነርሷ ነገርኳት። አልሳቀችም። የሕፃን ካካ ቢጫም፣ አረንጓዴም፣ ቡናማም ቢሆን ደህና ነው አለችኝ። ጡት የሚጠባ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ቢወጣው፣ ወይም ዕድሜው ከፍ ሲል ለቀናት ቆይቶ ልስልስ ብሎ ቢወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነጭ ግን ከወተቱ የመጣ አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው ከጉበት የሚወርደው ሐሞት ነው፤ የነጣው የሐሞቱ መንገድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ጉበቱ ይጎዳል፤ አንድ ሳምንት ነው ከተባለ ደግሞ ሐኪሙ እስኪ እንየው ብሎ ሊያቆየው ይችላል አለችኝ። ስድስት ሳምንት ነው ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ «አሁኑኑ ለእናትሽ ጻፊላት» አለችኝ።

እማዬ፣ እኔን ለመቆጣት በኋላ ጊዜ አለሽ። ይህን እንዳነበብሽ ሐኪሙን ፈልጊና «ስድስት ሳምንት ነው፣ ጨርቁን የምታጥበው ልጄ ናት ያየችው» በይው። «ምነው እስካሁን ዝም አላችሁ?» ካለሽ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አንገትሽን እንዳትደፊ።

አባዬ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል፤ ለእሱም ዛሬ ከሥራ ሲመለስ እነግረዋለሁ። አክስቴ ሰላም ትልሻለች፤ ምን እንደጻፍኩ አታውቅም፣ አትቀየሚያት፤ ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። ታናሽ እህቴ ጩጬን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ ትላለች። እኔ ሳሚልኝ ለማለት አልደፈርኩም። እግሩ ቶሎ ይበርደዋል፣ ሸፈን አድርጊልኝ።

ትልቋ ልጅሽ
ከቤታችን፣ ከጓዳ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን