ሌይሳን የተከለችው ጎደሬ

ኤፋቴ ደሴት፣ ኦክቶበር 24 ቀን

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለሌይሳን፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ስልክሽ አልነሳ ሲለኝ በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው፤ ወረቀት እንደሆነ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ባለፈው ሳምንት በልጃችን በማሪታ ትምህርት ቤት የአገር ምግብ በዓል ነበር። ሩዝና ኑድል ለአንድ ቀን ተባረው፣ የልጆቹ ምሳ ከየቤቱ ማሳ በመጣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና ሙዝ ተሠራ። ልጁ ሁሉ ያመጣውን ከፍ አድርጎ የተከለውን ሰው ስም ይጠራል። እኔ የተከልኩት የደረሰ ጎደሬ ሞልቶ ነበር። ልጅሽ ግን እንዳንቺው ግትር ናት፤ ባሕር ማዶ ለወይን ለቀማ ስትሄጂ ከወንዙ ዳር ተክለሽው የሄድሽውን፣ ስትመጪ ትነቅይዋለሽ ብዬ የተውኩትን ካልወሰድኩ አለች።

«እናትሽ ስትመጣ ምን ልንሰጣት ነው?» አልኳት።

«መምህሩ ፎቶ ያነሣናል። ስታየው ትመጣለች።»

እሺ ብዬ ነቀልኩት።

አክስቴ ሱሲ በኮኮናት ወተት ቀቀለችው። ማሪታ ተነሥታ «የተከለችው እናቴ ሌይሳን ናት!» ስትል ሰው አጨበጨበ። አንዱ ልጅ «እናትሽማ ወይን ለቃሚ ናት፣ ጎደሬ የት ታውቃለች!» ብሎ ሲያሾፍ፣ አክስቴ ሱሲ ጭልፋዋን አንሥታ «አንተ ወሬኛ፣ መጀመሪያ የጎረስከውን ዋጥ! የሷ ጎደሬ ነው» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ዕንባዬ መጣ።

አብሮሽ ይሠራ የነበረው ቤኒም ነበር። ካለሽበት እርሻ ከተመለሰ ወር ሆነው። ስላንቺ ስጠይቀው ስለ ወይኑ ያወራኛል፤ ዓይኔንም አያይም። አልጨቀጨቅኩትም፤ የሚነግረኝን ፈራሁ።

ከምሳ በኋላ ዳግም የሚበቅለው የጎደሬው አናት ከነግንዱ ከልጣጩ ጋር ለአሳማ ሊጣል ሲል ማሪታ ሮጣ ለቀመችው። መልሰን ልንተክለው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብተን መቆፈሪያዬን ሳነሣ ግን እጄን ያዘችኝ።

«አባ፣ አንተ አትትከለው። አንተ ከተከልከው ያንተ ይሆናል። እሷ ትትከለው።»

ይኸው ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራ አስቀምጣዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ሄዳ ታየዋለች። ግንዱ መልሰለስ ጀምሯል። ተቆርጦ ብዙ እንደማይቆይ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ተደብቄ ብተክለው ታገኘዋለች፤ ዝም ብል ደግሞ ዓይኗ እያየ ሊበሰብስባት ነው። ጨነቀኝ ሌይሳን፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ልትከለው ወይስ ልጠብቅ? ይህችን ብቻ መልሺልኝ።

ያለሽበትን ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ፤ አጎንብሶ የሚውል ወገብሽንም ያበርታልሽ።

ባልሽ ካሎሪብ