ያጎበጥካት ካቻቪቴና የሐያት ጣት

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን አንድ ክረምት ወጥቶ ሌላው ገባ። ሞጣ ዘንድሮም ጭቃ ናት። ከቤታችን ፊት ያለው ቦይ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይሞላል። ቤቱ ግን እንደነበረ አይደለም። አልጋው ላይ ያንተን ቦታ ለስፌት የመጣ ጨርቅ ይዞታል። ልጃችን ሐያት ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ትምህርት ሲዘጋ በስፌት ታግዘኛለች።

እኔ ደግሞ ፈሪ ሆኛለሁ። ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታል። ሐያት ከገበያ ከዘገየች በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰው ድንገት ስሜን ከጠራኝ፣ ያ የሆስፒታሉን በር ከፍተው ሞትህን ሊነግሩኝ የጠሩኝ ቀን ይመስለኛል።

የስፌት መኪና ለመጠገን ከሞጣ ቢቸና ስትመላለስ ከትከሻህ የማይጠፋውን የመሣሪያ ቦርሳ፣ ከሄድክ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ሽታህን ፈርቼ ነው። ባለፈው ሰኞ ግን ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ረፋድ ላይ ነው። ሐያት የጎረቤታችንን የጋሽ አያሌውን መጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች፣ እኔ ደጅ ጨርቅ አሰጣለሁ። ጩኸት አልሰማሁም። ያስደነገጠኝ የመኪናው ድምፅ ቀጥ ማለቱ ነው። ስገባ መርፌው የግራ አመልካች ጣቷን ከነጥፍሯ በስቶ በታች ወጥቷል። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

“እማዬ፣ እንዳትነኪው” አለችኝ፣ በቀስታ።

መዘውሩን ወደ ኋላ ልመልሰው ሞከርኩ። ክሩ ከስር ተጠምጥሞ ስላነቀው ንቅንቅ አልል አለ። ጋሽ አያሌው ሮጠው መጡ።

“ቆይ፣ በጉልበት ላዙረው!”

“አይሆንም ጋሽዬ! አጥንቷ ውስጥ ይሰበራል!” ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

መርፌውን በፒንሳ ሊቆርጡት ሞከሩ፤ የፒንሳው አፍ አልገባ አለ። የቀረን መርፌውን ቆንጥጣ የያዘችውን ብሎን መፍታት ነበር። ለጠርዝ ስፌት ያሰርክልን ብረት ግን ብሎኗ ፊት ተገትሯል። ብረቱን ፈትተን እንዳናነሳው ደግሞ ማሰሪያው በሐያት መዳፍ ተሸፍኗል። በዚያ ክፍተት ቀጥ ያለ ካቻቪቴ ከየት ይገባል?

ያኔ ቢቸና ትዝ አለችኝ። ሐያትን ሳንወልድ በገበያ ቀን አብረን ሄደን፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ፣ በእሳት አሙቀህ ሁለቱን ጫፎቿን ያጎበጥካትን ትንሽ ካቻቪቴ አሳየኸኝ። “ጠባብ ቦታ ላይ ሙሉ ዙር አትዞርም” አልከኝ። “ትንሽ ታዞሪያታለሽ፣ ከዚያ ገልብጠሽ በሌላው ጫፍ ትቀጥያለሽ። አትግፊያት፤ የብሎኑ ስንጥቅ ውስጥ ስትቀመጥ እጅሽ ያውቀዋል።”

ቦርሳህን ከፈትኩ። የዘይቱና የላብህ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ካቻቪቴዋን ከታች አገኘኋት። መርፌው ሥጋዋ ውስጥ ቢሰበርስ? የብሎኗ ስንጥቅ ቢበላስ? ልጄ እጄ ላይ ብትወድቅስ?

“ቢስሚላህ” ብዬ ጫፏን አስገባሁ። ከስንጥቁ አመለጠችኝ። ሐያት አቃሰተች። ጋሽ አያሌው ትከሻዋን ደግፈው “አይዞሽ ልጄ፣ እመቤቴ ትርዳሽ” ይላሉ። ደግሜ ሞከርኩ። እንዳልከው ሆነ፤ ስትቀመጥ እጄ አወቀው። ትንሽ አዞርኩ፣ ገለበጥኩ፣ ደግሞ ትንሽ አዞርኩ። ያንተን ስም ይሁን የአላህን እየጠራሁ እንደነበር አላውቅም። ብሎኗ ስትላላ ክሩን ቆረጥኩና የሐያት ጣት ከነመርፌው ወጣ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ መርፌውን ስትነቅል ፊቴን አዞርኩ። መርፌው አጥንቷን አልነካም አሉን። ጣቷ እንደምትታጠፍ ራሷ ሐያት አጥፋ አሳየችኝ።

ሰይዴ፣ ፍርሃቴ ግን አልተወኝም። ትናንት ጣቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ መኪናው ፊት ስትቀመጥ አየኋት። ተነሺ ልላት ፈልጌ ተውኩት። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ካቻቪቴዋ እንዴት እንደምትገለበጥ አሳየኋት።

“አባቴ ሲያስረዳሽ ምን አለሽ? ልክ እሱ እንዳለው ንገሪኝ” አለችኝ።

ቃልህን ነገርኳት። ድምፅህን ግን ፈልጌ አጣሁት። ፊትህ አለ፣ የእጅህ ጠባሳ አለ፣ ድምፅህ ግን ከጆሮዬ እየራቀ ነው። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም፤ ሰኞ እንኳ።

ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ። የቀረኝን ያህል፣ ሳይጠፋብኝ፣ ለልጅህ ስላንተ በየቀኑ እነግራታለሁ፤ በአነጋገርህ፣ ቃሉን በምትጎትትበት ቦታ ጎትቼ። ድምፅህ ሲያቅተኝም ዝም አልልም። “እዚህ ጋ አባትሽ ይስቅ ነበር” እላታለሁ።

አላህ ይዘንልህ።

ዘይነባህ