ጾም የማያስገድፍ ብልጭታ

ሰኞ፣ መጋቢት 1። ከቀኑ 8፡00

የዓይን ፎቶ ማሽኑን አገጭ ማስደገፊያ በአልኮል ጠረግሁ። ዛሬ ለዐሥራ አራተኛ ጊዜ። ላብ፣ ንፍጥ፣ የፀጉር ቅቤ። እጄ አልኮል ይሸታል። ምሳዬ ሽሮም አልኮል አልኮል አለኝ። ኤዲያ!

አንተ ደብተር፣ ከስልጠና በነፃ ያገኘሁህ፣ ሽፋንህ ላይ የተሳለው ትልቅ ዓይን አሁንም ያፈጥብኛል። አፍጥ። የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

አያ ተገኘ መጡ። ከአይከል ወዲያ የሚያርሱ ገበሬ። ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ የቀረችው ግራዋ ናት። የዓይን ግፊት ነው። ከዓይን ጀርባ ያሉት ሴሎች አንድ በአንድ ይሞታሉ። አያምም፣ አይቆጠቁጥም፣ ከዳር ከዳር እየበላ ይገባል። የሞተ አይመለስም። ጠብታው የቀሩትን ያቆያል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። የእኛ ጥናት ደግሞ አሟሟታቸውን በየወሩ ፎቶ ያነሣል። እኔ ነርሷ ነኝ። ግፊት እለካለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ።

ዛሬ ብቻቸውን አልመጡም። ልጃቸው የዝና እጃቸውን ይዛለች፣ ከኋላ አራት ጎረቤት ተሰልፏል። ሁሉም የማሽኑ ብልጭታ ይብራልን ይላሉ። እማማ ዘነቡ የሚባሉት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ለማሽኑ ሰጡት። ቁርጥማት ነው አሉ። ሣቅ አፈነኝ። እንዲሄዱልኝ ብዬ አንድ ጊዜ ጉልበታቸው ላይ አበራሁላቸው። እጅሽ ይባረክ ብለው መረቁኝ። ሻይ ክበብ ሄጄ አወራሁት፣ ሁሉም ሣቀ።

የአያ ተገኘ ግፊት፦ ጨምሯል። ፎቶ፦ ካለፈው ወር የባሰ። «ጠብታ በየቀኑ ይጠቀማል?» «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። አልጠየቅኋቸውም። ወረፋው ረጅም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። በምሳ ሰዓት

የአያ ተገኘን ፎቶዎች ደረደርኋቸው። ጥቅምትና ኅዳር ያው ናቸው። ከታኅሣሥ ወዲህ ቁልቁል ነው፣ አይጥ የገባበት ጎተራ።

ዶ/ር መ. ከኋላዬ መጣ። ጥናቱን የሚመራው ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን እሱ ነው። ማስቲካ ያኝካል፣ አፉን ሳይገጥም፣ ጆሮዬ ሥር። ተሳታፊ ቁ. 17 አለ። ስማቸውን አያውቅም። ወርቅ ነው አለኝ፣ እንዲህ ያለ ቁልቁለት አይቶ አያውቅም። ወርቅ! ሰውዬው እየታወሩ! ጠብታቸው ይቀየር ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። መሐል ላይ መድኃኒት ከተነካ ጥናቱ ይበላሻል አለና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎኝ ሄደ።

11፡30። ሸሚዜን አጠብሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4። ከቀኑ 10፡15

ለየዝና ደወልሁ። አራት ጊዜ እምቢ አለ፣ በአምስተኛው ገባ። የአባትሽ ጠብታ አለቀ ወይ አልኋት። ኧረ የኅዳሩ እንኳ አልተከፈተም አለች። ከኅዳር ጀምሮ በፌስታል ታስሮ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠብታው በዓይን ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይመርራል። እውነት ነው፣ ይመርራል። የነቢያት ጾም ሲገባ አያ ተገኘ በጠዋት መራራ ከዋጥሁማ ጾሜን ገደፍሁ ብለው ተዉት። ማታስ? አልሁ። ማታ ደግሞ ለምን፣ ብልጭታው አለ አሉ። ብልጭታው ጾም አያስገድፍም። አንዱ ብልጭታ ወር ያቆያል። ገና አለፈ፣ ጠብታው እንደተንጠለጠለ ቀረ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ። ማነው ብልጭታው ያድናል ያላቸው? ብዬ ጮህሁባት። የዝና ድምፅዋ ቀነሰ። ሲስተር ነግራኛለች ነው የሚሉት አለች።

ሲስተር እኔ ነኝ።

ጥቅምት። የመጀመሪያው ቀን። አያ ተገኘ ማሽኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፎቶው ይደበዝዝብኛል። «ይኼ ያድናል ወይ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ አዎ፣ ይሻልዎታል፣ ብቻ አይንቀሳቀሱ» አልሁ። ለሁሉም የምለውን ነው ያልሁት። እንደ ደኅና ዋሉ ከአፌ የሚወጣ ነገር ነው። እሳቸው ቃል አድርገው ያዙት።

ሌላም ትዝ አለኝ። ጠብታው እንደገባ የዓይንን ጥግ፣ በአፍንጫ በኩል፣ በጣት ሁለት ደቂቃ ጫን ቢሉት ወደ ጉሮሮ አይወርድም። ምሬት የለም። አንድ ጣት! ትምህርት ቤት ተፈትኜበታለሁ፣ አግኝቼዋለሁም። አንድ በሽተኛ አስተምሬበት አላውቅም። ቋቅ!

ይኼንኑ ለየዝና ልነግራት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ሞከርሁ። የለም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5። ጠዋት 5፡00

ለዶ/ር መ. ነገርሁት። በሩን ዘጋ። አልደነገጠም። ግፊቱ ሲወጣ አይቶ ከገና ጀምሮ ጠርጥሯል። ጠርጥሮ ዝም! ያለ መድኃኒት የሚሞት ዓይን ልከታተል ብል ማን ይፈቅድልኛል አለ፣ ይኼ ግን በራሱ መጣልን። በራሱ መጣልን አለኝ፣ እንደ ዝናብ። ፋሲካ ይለፍ፣ ሁለት ፎቶ እንጨምር፣ ከዚያ ትነግሪያቸዋለሽ። ሽማግሌው እንደሆነ በጾም ቢነገረውም አያደርገው።

ከዚያ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። አራት «አዎ»፣ አራት ፊርማ፣ ሁሉም የእኔ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜ ሦስተኛ ነው። ቅጹ ሐሰት ነው ከተባለ ግን ጽሑፍም የለ፣ ሥራም የለ። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ማስቲካውን ወረቀት ላይ ተፋና ጠቀለለው። እጄ ላይ የተፋው መሰለኝ።

ይበልጥ የሚያስጠላውን ልንገርህ? እምቢ አላልሁም። ስሜ ታትሞ ምን እንደሚመስል አሰብሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታሳይ ታየኝ። አስብበታለሁ አልሁት። እኔ! ቱ!

እሑድ፣ መጋቢት 7። ከቅዳሴ መልስ

የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ፣ የዓይን ጠብታ ጾም ያስገድፋል ወይ? ተቆጡ። መድኃኒት እህል ነው እንዴ፣ ጾማችሁ ታወሩ ያለ ማነው አሉ። ደስ አለኝ። እንግዲያው አባ፣ አይከል በሚያውቋቸው ካህን በኩል ለአንድ ሽማግሌ ያስነግሩልኝ አልሁ። ታሪኩን አወራሁ። ብልጭታው ያድናል ያላቸው ካህን ነው? ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልሁ። «እንግዲያ ያሰረ ይፍታ» አሉና መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ።

ተናድጄ ቤት ገባሁ። ድስቱን ከክዳኑ አጋጨሁት። እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10። ከቀኑ 7፡00

ከሐሙስ ወዲህ ስልክ የለም። መንገዱም ተዘግቶ ከረመ፣ ዛሬ ተከፈተ አሉ። ለአይከሉ ሚኒባስ ሹፌር ወረቀት ሰጠሁት፣ ለየዝና የሚሆን። አባትሽን ይዘሽ ነይ፣ ጠብታውን እንዳትረሺ።

ዶ/ር መ. ኮሪደር ላይ አገኘኝ። አሰብሽበት? አለ፣ በፈገግታ። እያሰብሁ ነው አልሁ። ምላሴ ላይ የሳሙና ጣዕም ቀረ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12። ጠዋት 4፡40

መጡ። አያ ተገኘ ሳልጠራቸው ገብተው አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስደገፉ። ዓይናቸውን አፍጥጠው ጠበቁ። ነጠላቸው ታጥቧል። ለብልጭታው ነው ያጠቡት። ማሽኑን አጠፋሁት።

በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ብልጭታው ምንም አያድንም፣ ፎቶ ማንሻ ነው። ይሻልዎታል ያልሁት እንዲሁ ከአፌ ወጥቶ ነው። አራት ወር ዓይንዎ ሲሞት እያየሁ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

የዝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።  አያ ተገኘ የዘነቡ ጉልበትስ አሉ፣ እሷ እኮ ተሽሏት ወፍጮ ቤት ሄዳ መጣች። እሱም ውሸት ነው አልሁ። የሞተውስ ይመለሳል? አሉ። አይመለስም።

«ምነው ታዲያ ያኔ ዝም ባልሽ?»

ይኼን ብቻ ነው ያሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስሁ። ማልቀሴም አስጠላኝ፣ የተጎዳው ማን ሆነና!

የጣቱን ነገር ነገርኋቸው። ካህኑ ያሉትንም። የዝና ፌስታሉን ፈታች። አያ ተገኘ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው። አንድ ጠብታ። ጣቴን በዓይናቸው ጥግ ጫንሁ። ሁለት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። የዶ/ር መ. ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ጠፍቶ የቆመውን ማሽን አየ። እኔን አየ። ጣቴን አላነሣሁም። በሩን ዘግቶ ሄደ።

አያ ተገኘ ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ። አልመረረም አሉ። ከዚያ የኔን ጣት ገለል አድርገው የራሳቸውን አስቀመጡ፣ እንዲህ ነው? እንዲህ ነው አልሁ።

ከቀኑ 6፡10

ለቀዶ ሕክምና ክፍል ጽፌላቸዋለሁ፣ ሰኞ ይታያሉ። ከጥናቱ ወጥተዋል። ዶ/ር መ. ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም። አራቱን ቅጾች ከፋይሉ አወጣሁ። ዛሬውኑ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ቢሮ በእጄ አደርሳቸዋለሁ። «አዎ»ዎቹን ሰርዤ በጎናቸው ፈረምሁ። ለምክንያት የተተወችው መስመር አጭር ናት፣ ግን በቃችኝ።

ጠብታ በየቀኑ ይጠቀማል? አይጠቀምም። ከኅዳር 15 ጀምሮ።
ምክንያት፦ ነርሷ ይሻልዎታል ስላለቻቸው።